«አይቻልም» ከማለታችን በፊት



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ዘንድሮ የምንመረቅ አራት የሒሳብ ተማሪዎች ነን፤ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች። አዘጋጆቹ «ስለ ጀመዓችን ቱቶሪያል አንድ ነገር ጻፉልን» አሉን። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቀን ቀን ከአንድ የአልጀብራ ጥያቄ ጋር፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ከፍሬሽማን ተማሪዎች ጋር ነበርን። ሁለቱን ለየብቻ ለመጻፍ ስንሞክር አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ አስቸገረን፤ ስለዚህ አብረው ይቅረቡ አልን። ሒሳብ ስታዩ ገጹን እንዳታልፉት አደራ። መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው አብሮን ይሄዳል።

ርዕሱ እና «ለምን ይጠቅማል?»

ለመመረቂያ ጥናት የመረጥነው ርዕስ «ቴም አውቶሞርፊዝም» ይባላል። «ቴም» ማለት ገራም ማለት ነው፤ ገራም በቅሎ እንደምንለው። ዶርም ውስጥ ስሙን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ለምን ይጠቅማል?» ይላል። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ድልድይ ይሠራበት እንደሆነ ጠየቁን። ቤተሰብ በስልክ «ሥራ አለው ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወላጆቻችን ካላቸው ላይ ቀንሰው የሚልኩልን ለመዝናኛ አይደለም። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ።

«አልጀብራ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ባግዳድ ሆኖ ለኸሊፋ አል-መእሙን ባበረከተው መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ «አል-ጀብር» የሚል ቃል አለ። ጀብር የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መመለስ ነው። በስሌት ደግሞ በእኩልታው በአንዱ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ ጉድለቱን መሙላት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምልክቶች አንድም የሉም፤ ሁሉም ነገር በቃላት ተብራርቷል። ሰፊ ክፍሉም የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው። አልጀብራ «ለምን ይጠቅማል?» ለሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው መልስ ነበረው ማለት ነው፤ ወራሾች ድርሻቸውን በትክክል እንዲያገኙ።

እኛን የያዘን ግን ቃሉ ነው፦ መመለስ። የእኛ ርዕስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ መመለስ ነው። አንድን ነገር ከለወጡት በኋላ ወደነበረበት መመለስ የሚቻለው መቼ ነው? የሚቻል ከሆነስ ለውጡን በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ ማሳየት ይቻላል ወይ?

ተመላሽ እርምጃ

ሁለት ቁጥሮች አሉን እንበል፤ «ሀ» እና «መ»። አንዱን ሳንነካ፣ ከእሱ በመደመርና በማባዛት የተሠራ ማንኛውንም ነገር በሌላው ላይ መጨመር ወይም ከሌላው መቀነስ ተፈቅዶልናል። ለምሳሌ «መ»ን በራሱ አባዝተን «ሀ» ላይ እንደምር። «ሀ» 3፣ «መ» 2 ከሆኑ፣ አዲሱ «ሀ» 3 + 4 = 7 ይሆናል። «መ» እንደነበረ 2 ነው። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ 7 እና 2ን ብቻ ቢያይ መነሻውን ማግኘት ይችላል? ይችላል። «መ» ስላልተነካ 2 × 2 = 4 ብሎ ከ7 ላይ ይቀንሳል፤ 3 ያገኛል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ «ሀ» ላይ የተጨመረው ነገር ውስጥ «ሀ» ራሱ የለበትም።

በተቃራኒው «ሀ»ን በራሱ ብናባዛው 3ም 9 ይሰጣል፣ −3ም 9 ይሰጣል። 9ን ብቻ ያየ ሰው ከየትኛው እንደተነሳን ማወቅ አይችልም። መመለሻው ጠፍቷል።

ከፊደሎቻችን በመደመርና በማባዛት የሚሠሩት መግለጫዎች ሁሉ በአንድ ላይ ፖሊኖሚያል ሪንግ ይባላሉ። መሄጃውም መመለሻውም በእነዚህ መግለጫዎች ብቻ የሚጻፍ ለውጥ ደግሞ አውቶሞርፊዝም ይባላል። ከላይ እንዳየነው ባሉ ትንንሽ ተመላሽ እርምጃዎች፣ እንዲሁም ፊደል ከፊደል በማቀያየርና በመሳሰሉት ተራ ለውጦች ተቀጣጥሎ የሚሠራ ከሆነ ገራም ነው። ወደነበረበት የሚመለስ ሆኖ ሳለ በምንም ዓይነት የእርምጃ ሰንሰለት የማይገኝ ከሆነ ግን ያልተገራ ይባላል። ልብ በሉ፤ ያልተገራ ማለት የተበላሸ ማለት አይደለም። እሱም በሚገባ ይመለሳል። ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ የሚወስደን መንገድ አለመኖሩ ነው፤ በአንድ ጊዜ ዘሎ ይሻገራል።

በሁለት ፊደል ብቻ ስንሠራ ያልተገራ የሚባል ነገር የለም። ይህን በ1942 ሄንሪክ ዩንግ ለተለመዱት ቁጥሮች አረጋገጠ፤ በ1953 ደግሞ ቫን ደር ኩልክ ለሌሎችም የቁጥር ሥርዓቶች አሰፋው። «በሦስት ፊደልስ?» የሚለው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የናጋታ ምሳሌ

በ1972 ጃፓናዊው ማሳዮሺ ናጋታ አንድ ምሳሌ አቀረበ። ሦስት ፊደሎች አሉ፤ «ሀ»፣ «መ» እና «ሰ»። መጀመሪያ ከሦስቱ አንድ መጠን ይሠራል፤ ቋሚ ስለሆነ «ቀ» እንበለው፦

ቀ = ሀ × ሰ + መ × መ

ከዚያ ለውጡ እንዲህ ነው፦

አዲሱ ሀ = ሀ − 2 × መ × ቀ − ሰ × ቀ × ቀ
አዲሱ መ = መ + ሰ × ቀ
አዲሱ ሰ = ሰ

ሦስቱም 1 ቢሆኑ «ቀ» 1 + 1 = 2 ነው። አዲሱ «ሀ» 1 − 4 − 4 = −7፣ አዲሱ «መ» 1 + 2 = 3 ይሆናል፤ «ሰ» 1 እንደሆነ ይቀራል። አሁን በአዲሶቹ ቁጥሮች «ቀ»ን እንደገና አስሉት፦ −7 × 1 + 3 × 3 = 2። አልተለወጠም! መመለስ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው «ቀ» 2 መሆኑን ያገኛል፤ በእሱ «መ»ን ወደ 1፣ ቀጥሎም «ሀ»ን ወደ 1 ይመልሳል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ሀ» ላይ የምንደምረውና የምንቀንሰው ነገር በ«ቀ» በኩል «ሀ»ን ራሱን በውስጡ ይዟል። ከላይ ያልነው ምስጢር እዚህ አይሠራም። ነገሩ ተጠላልፏል። በ«ሰ» ማካፈል ቢፈቀድ ኖሮ በትንንሽ እርምጃዎች ይፈታ ነበር፤ ነገር ግን «ሰ» ዜሮ ሊሆን ይችላልና ማካፈል አይፈቀድም። ናጋታ ይህ ለውጥ ገራም አይደለም ብሎ ገመተ። ናጋታ ማለት የሂልበርትን 14ኛ ጥያቄ በተቃራኒ ምሳሌ የመለሰ ሰው ነው፤ ግምቱ ክብደት ነበረው። ማረጋገጫ ግን አልነበረም።

እኛም ይህን ምሳሌ ይዘን ሳምንታት ላይብረሪ ተቀመጥን። ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ አጥፍተን፣ እንደገና ጽፈን በትንንሽ እርምጃዎች ለመክፈል ሞከርን። አንዱን ጫፍ ስንፈታው ሌላው ይቋጠራል። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ቀጠልን። መጻሕፍቱ እንደማይቻል ነግረውናል፤ እኛ ግን «አይቻልም» የሚለው ቃል ምን እንደሚመስል በእጃችን ማወቅ ፈለግን።

ሹራ

በዚያው ሰሞን የሚድ ፈተና ውጤት ወጣ። ቱቶሪያል ከሚመጡት ፍሬሽማኖች መካከል በሒሳብ ክፉኛ የወደቁ ነበሩ። የጀመዓው የትምህርት ክፍል ሹራ ተቀመጠ። ሲኒየሮች ጥቂት ነን፤ የምናገኘው ክፍልም አንድ ነው፤ ሰዓቱ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ነው። አንድ ወንድማችን እንዲህ አለ፦ «የማይችለውን ተሸክመን የሚችለውን እንዳንጥል። ጉልበታችንን ሊያልፉ በሚችሉት ላይ እናድርግ።» በክፋት የተናገረው አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከማንም በላይ የደከመ፣ የራሱን ጥናት ትቶ ሌሎችን ያስጠና ወንድም ነው። ያቀረበውም ስሌት ነው፤ ሰው ሲያንስና ሰዓት ሲያጥር መምረጥ ግድ ይላል።

በጉዳዩ ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። ፍሬሽማን ውጤቱ ካልሞላ ይሰናበታል። መሰናበት ደግሞ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ዱዓ አድርጎ የሸኘው ልጅ ሻንጣውን ይዞ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ከገጠር የመጣች እህት ናት። እናቷ በስልክ «ካልሆነልሽ ነይ፣ ልጄ» ብለዋታል። እሷም ልብሷን መሸከፍ ጀምራ ነበር። ሌላው ጸጥ ያለ ወንድም ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ ይጽፋል፣ ምንም አይጠይቅም። «እነዚህ ሁለቱ ይችላሉ ወይ?» ተብሎ በሹራው ላይ ተጠየቀ። ማንም እርግጠኛ መልስ አልነበረውም። ነገሩ ለሳምንት ይደር ተባለ።

አራተኛው ፊደል

ያን ሳምንት እያነበብን የነበረው በ1989 የታተመ የማርታ ስሚዝ ሥራ ነበር። ስሚዝ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ታስተምር የነበረች የሒሳብ ሊቅ ናት። ያደረገችው ነገር ይህ ነው፦ በሦስቱ ፊደሎች ላይ አንድ አራተኛ ፊደል ጨመረች። ረዳት ስለሆነ «ረ» እንበለው። የናጋታ ለውጥ «ረ»ን አይነካውም፤ «ረ» እንደ እንግዳ ከጎን ይቀመጣል። ሐሳቡን በቁጥር እንየው። ሦስቱ 1፣ 1፣ 1 ናቸው፤ «ረ» ደግሞ 5 ይሁን።

አንደኛ፦ «ረ» ላይ «ቀ»ን እንደምራለን። «ቀ» 2 ስለሆነ «ረ» 7 ይሆናል። «ቀ» ውስጥ «ረ» ስለሌለ ይህ የተፈቀደ እርምጃ ነው።

ሁለተኛ፦ ከ«ሀ» ላይ 2 × መ × ረ እና ሰ × ረ × ረ እንቀንሳለን፤ ከዚያ «መ» ላይ ሰ × ረ እንደምራለን። «ሀ» 1 − 14 − 49 = −62፣ «መ» 1 + 7 = 8 ይሆናሉ። እዚህም የተጠላለፈ ነገር የለም፤ «ሀ» ላይ የመጣው ከ«መ»፣ ከ«ሰ» እና ከ«ረ» ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ከ«ረ» ላይ «ቀ»ን እንቀንሳለን። «ቀ» −62 + 64 = 2 ነው፤ ስለዚህ «ረ» ወደ 5 ይመለሳል።

አራተኛ፦ ሁለተኛውን እርምጃ በአሁኑ «ረ» ወደ ኋላ እንመልሳለን። «ሀ» ላይ 2 × መ × ረ ደምረን ሰ × ረ × ረ እንቀንሳለን፤ ከዚያ ከ«መ» ላይ ሰ × ረ እንቀንሳለን። «ሀ» −62 + 80 − 25 = −7፣ «መ» 8 − 5 = 3።

ምን ላይ ደረስን? −7፣ 3፣ 1። የናጋታ ለውጥ ራሱ! «ረ» ደግሞ እንደመጣ 5 ሆኖ ወጣ። በ5 ፈንታ ሌላ ቁጥር ብታስገቡም እንዲሁ ነው፤ ሞክሩት።

በሦስት ፊደል ያልፈታነው ነገር በአራት ፊደል ገራም ሆነ። እንዲህ ያለው «ስቴብሊ ቴም» ይባላል፤ እኛ «በጭማሪ የሚገራ» ብለነዋል። ስሌቱን ጨርሰን ሰሌዳው ፊት ዝም ብለን ቆምን። የገረመን ረዳቱ የሠራው ሥራ ነው። «ረ» የማንንም ሥራ አልሠራም። የተጠላለፈውን ነገር ለጥቂት ጊዜ ተቀብሎ ያዘ፤ እሱ ሲይዘው ለሌሎቹ ቦታ ተገኘ፤ ከዚያ የያዘውን መልሶ ሰጠ። በመጨረሻው ውጤት ውስጥ አሻራው እንኳ አይታይም።

የቀኖቹ ቅደም ተከተል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ናጋታ ግምቱን ያቀረበው በ1972 ነው። «በሦስት ፊደል ብቻ አይቻልም» የሚለው የተረጋገጠው ግን በ2003 ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ። ያረጋገጡት ኢቫን ሼስታኮቭ እና ከካዛኪስታን የመጣው ኡአልባይ ኡሚርባየቭ ናቸው። ሙሉ ሥራቸው በ2004 ታተመ፤ በ2007 ደግሞ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የሙር ሽልማትን ሰጣቸው። ማረጋገጫቸው እንዲሁ «ሞክረን አቃተን» የሚል አይደለም። ገራም የሆነ ለውጥ ሁሉ ዲግሪውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች ተቆጥረው የታወቁ መሆናቸውን አሳዩ። ከዚያ የናጋታ ለውጥ በእነዚያ መንገዶች በአንዳቸውም እንደማይቀነስ አረጋገጡ። ናጋታ ያረፈው በ2008 ነው፤ የግምቱን እውነትነት በሕይወቱ አየ።

ዓመቶቹን እንደገና አስተውሉ። ስሚዝ መውጫውን ያገኘችው በ1989 ነው፤ በሩ በእርግጥ ዝግ መሆኑ የተረጋገጠው በ2003 ነው። መውጫው ከብይኑ በ14 ዓመት ቀደመ! ስሚዝ «መጀመሪያ ብቻውን ይችል እንደሆነ ይረጋገጥ፤ ከዚያ እረዳለሁ» አላለችም። ብቻውን ይችላል ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቢታገዝ ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ለመመለስ የመጀመሪያውን መጨረስ አያስፈልግም። እንዲያውም ሁለተኛው ቀለለ፤ የመጀመሪያው ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

በሚቀጥለው ሹራ ላይ ያቀረብነው ይህንን ነው። ስለ አውቶሞርፊዝም አላወራንም። «ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለውን ዛሬ መወሰን አይጠበቅብንም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብንጨምርስ?» አልን። ከዚያ በፊት ቱቶሪያሉ አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ ቆሞ ለሁሉም የሚያስረዳበት ነበር። ለወደቁት በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ተስማማን። መጀመሪያ የተቃወመው ወንድማችን እሱ ራሱ አንድ ተማሪ ተረከበ።

ሁለቱ ተማሪዎች

እህታችንን ከእኛ እህቶች አንዷ ያዘቻት። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላስረዳቻትም። «ጥያቄውን እየሠራሽ የምታስቢውን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አለቻት። ሁለት ገጽ ከተጻፈ በኋላ ነገሩ ታየ። ካልኩለሱ አልነበረም ችግሯ። የካልኩለስ ሐሳቡን ከብዙዎች በተሻለ ይዛዋለች። የሚያደናቅፋት ክፍልፋይ ነበር፤ በተለይ የመቀነስ ምልክት ያለበት ክፍልፋይ። ያን በሚማሩበት ዓመት ትምህርት ቤታቸው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አላስተማራትም፤ እሷም አፍራ አልጠየቀችም። ጭንቅላቷ ውስጥ አዲሱ ትምህርትና አሮጌው ጉድለት ተጠላልፈው ስለነበር የትኛው እንደሚጥላት ለራሷም አይታያትም። ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ግን ለየብቻ ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት ስለ ክፍልፋይ ብቻ ሠሩ። ፋይናሉን አለፈች፤ አልሐምዱሊላህ። የፈተናውን ወረቀት የሠራችው እሷ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችው እህት በዚያ ወረቀት ላይ አንድም ፊደል የላትም።

ጸጥ ያለው ወንድማችንም ታሪኩ እዚህ መገኘት አለበት፤ ያለበለዚያ ይህ ጽሑፍ ግማሹን ብቻ የሚናገር ይሆናል። ከእሱም ጋር እንደዚያው ተቀመጥን። ሰዓቱ እኩል ነበር፣ ልፋቱም እኩል ነበር። በቀጣዩ ፈተና ከፍ አለ፤ ግን የሚያስፈልገውን ያህል አልሆነም። ተሰናበተ። ሻንጣውን እስከ ግቢው በር ድረስ ይዘንለት ሄድን። በሩ ላይ «ያን የረዳት ፊደል ነገር ወረቀቱን ስጡኝ» አለን፤ አንድ ቀን ማታ አሳይተነው ነበርና። ሰጠነው።

ስለ እሱ ምን እንላለን? ሒሳቡ ራሱ እዚህ ቦታ ላይ ሐቀኛ ነው። በ2012 ዮስት በርሰን፣ አርኖ ቫን ደን ኤሰን እና ዴቪድ ራይት ባሳተሙት ሥራ፣ ከሦስቱ ፊደሎች አንዱን ሳይነኩ የሚተዉ ለውጦች ሁሉ፣ የናጋታውን ጨምሮ፣ በጭማሪ እንደሚገሩ ተረጋግጧል። «ማንኛውም አውቶሞርፊዝም በቂ ፊደል ቢጨመርለት ይገራል» የሚለው ግን እስካሁን ግምት ነው። በእኛ በተለመዱት ቁጥሮች ላይ ማንም አላረጋገጠውም፤ ማንም በተቃራኒ ምሳሌ አላፈረሰውም። ስለዚህ «ከታገዘ ሁሉም ይችላል» ብለን ልንጽፍላችሁ አንችልም። የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ነገር ግን «እሱ አይችልም» የሚለውም አልተረጋገጠም። አንድ ረዳት ያልበቃው ሁለት ይበቃው እንደሆነ፣ ከሚድ በፊት ቢጀመር ይበቃው እንደነበር አናውቅም። የምናውቀው በዚህ ሴሚስተር፣ በዚህ ሰዓት፣ በእነዚህ ሰዎች እንዳልሆነ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ከ«አይችልም» ይረዝማል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ወንድማችን ለሪአድሚሽን አመልክቷል። ዱዓ አድርጉለት።

«ለምን ይጠቅማል?» ለሚሉን

ከምርቃት በኋላ ከመካከላችን ሁለቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ያስባሉ፤ አንዱ ሥራ ፈልጎ ቤተሰቡን ማገዝ አለበት፤ አንዷ መማሯን መቀጠል ትፈልጋለች። የናጋታ ለውጥ ለአራታችንም ደመወዝ አይከፍልም። ለወላጆቻችን ድልድይ አይሠራበትም ብለን በግልጽ ነግረናቸዋል።

ነገር ግን «አይቻልም» የሚል ሰው ሲገጥመን ከእንግዲህ የምንጠይቀው አለን። ምን ሳይጨመር ነው የማይቻለው? በስንት ፊደል? ተሞክሮ ስላልሆነ ነው ወይስ እንደማይሆን ተረጋግጦ ነው? ሼስታኮቭ እና ኡሚርባየቭ «አይቻልም» ያሉት ወሰኑን ለይተው ነው፤ በሦስት ፊደል፣ ከውጭ ምንም ሳይጨመር። ያ የሚከበር «አይቻልም» ነው። በካፌ ሰልፍ ላይ፣ በዶርም፣ አንዳንዴም በክፍል ውስጥ የምንሰማው «አይቻልም» ግን ብዙውን ጊዜ ወሰን የለውም፤ ማረጋገጫም የለውም። ወሰን የሌለውን ብይን ተሸክሞ አገሩ መግባት ያለበት ተማሪ የለም።

አንድ ነገር ግን ከሒሳቡ ጋር አይገጥምም። «ረ» 5 ሆኖ ገብቶ 5 ሆኖ ወጣ። እኛ ግን እንደገባን አልወጣንም። ክፍልፋይን ከሥሩ ስናስረዳ እኛ ራሳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልናቸው ነገሮች ነበሩ፤ ትዕግሥታችንም ቢሆን የዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረው አይደለም። በዚህ ከፊደሉ ሳንሻል አንቀርም።

በሚቀጥለው ዓመት እኛ የለንም። ቱቶሪያሉ ግን ኢንሻአላህ ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ሰው ሲኖር ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የሆናችሁ ሁሉ፣ የሒሳብ ሊቅ መሆን አይጠበቅባችሁም። የተጠላለፈበትን ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አጠገብ ተቀምጣችሁ «የምታስበውን ንገረኝ፣ የምታስቢውን ንገሪኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» ማለት ትችላላችሁ። ፍሬሽማን የሆናችሁ ደግሞ ፈተናው ደርሶ ከመውደቃችሁ በፊት ኑ። ከኋላ ወንበር ላይ ያላችሁትን በተለይ እንጠብቃለን። ስማችሁን በጀመዓው የትምህርት ክፍል ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።